መጠነኛ ለውጥ

ሐሙስ፣ መጋቢት 11 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ከስድስተኛ ፎቅ

ለአባዬ፣

መጀመሪያ ጤና መጠየቅ፣ ቀጥሎ ስለ አየሩ ጥቂት ማለት፣ ከዚያ ማመስገን፣ ጉዳይን ደግሞ ከሁለተኛው ገጽ በፊት አለማምጣት። እንዲህ ነበር ያስተማርከኝ። ዛሬ አልችልም። ጉዳዬን ከላይ አስቀምጠዋለሁ፦ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ሞቷል። ድርጅታችን ጥፋቱ የሟቹ የራሱ ነው የሚል ዘገባ እንድጽፍ አዘዘኝ። እንቢ አልኩ። አሁን ከሥራ ታግጄ ቤት ተቀምጫለሁ።

ይህን ስልህ ናፍቆቴ አልቀነሰም። ዓይንህ እንዴት ሆነልህ? ጠብታውን በሰዓቱ ታደርገዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ጠርሙሱን ለሦስት ወር ታብቃቃዋለህ?

ደብዳቤውን የምታነብልህ እትዬ ናት። እትዬ፣ አንቺን አውቅሻለሁ። ክፉ ወሬ ሲመጣ ጉሮሮሽን ትጠርጊና ሁለት መስመር ትዘያለሽ። የአክስታችንን ሕመም “ትንሽ ጉንፋን” ብለሽ አንብበሽለት፣ ሴትዮዋ እስከ ቀብሯ ጉንፋን ብቻ ነበረባት። ዛሬ አንድም ቃል እንዳትዘዪ። ብትዘዪ ከድምፅሽ ያውቅብሻል፤ ጆሮው ገና አልደከመም።

አባዬ፣ የምሠራበት ድርጅት ሊፍት እንደሚጠግን ታውቃለህ። የእኔ ሥራ ቴክኒሻኖቹ በየሕንፃው ያዩትን ሰምቼ ዘገባ መጻፍ ነበር። ይህን ሥራ የሰጡኝ ከሥልጠናው በኋላ ነው። ስለ ሥልጠናው በዚያን ጊዜ ጽፌልህ ነበር፤ አንደኛ መውጣቴን ብቻ እንጂ የተማርኩትን አልነገርኩህም።

አሠልጣኟ ድምፅዋ የሻከረ ቀጭን ሴት ናት። ቀድሞ ነርስ ነበረች። የመጀመሪያው ቀን እንደገባች፣ “እኔ ተረኛ ሆኜ ስገባ የቀደመችው ነርስ የጻፈችውን አንብቤ መርፌ እወጋለሁ። ያ ወረቀት እንዲያምር አልፈልግም። ማንን እንደምወጋ፣ ስንት እንደምወጋ፣ መቼ እንደምወጋ ይንገረኝ” አለችን። ከዚያ የንግድ ደብዳቤም፣ የሥራ ዘገባም፣ ማስታወሻም ያው ነው አለች። አንባቢው ማን ነው? አንብቦ ሲጨርስ ምን ማድረግ አለበት? መልሱ ከመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ከሌለ ወረቀቱን ቅደዱት።

የጻፍነውን የምትፈትንበት መንገድ ግን አይረሳኝም። አዳራሹን የምትጠርገውን ሴት ትጠራና ወረቀታችንን ታስነብባታለች። “አሁን ምን ታደርጊያለሽ?” ትላታለች። ሴትዮዋ “እንጃ፣ ምን እንዳሉ አልገባኝም” ካለች እንደገና እንጽፋለን። አንድ ባለ ክራቫት የፋይናንስ ኃላፊ ሦስት ጊዜ ወደቀ። አራተኛው ላይ ሴትዮዋ አዘነችለትና፣ “ወንድሜ፣ የፈለግኸውን በቃል ንገረኝና ላድርግልህ” አለችው። ሳቃችን አዳራሹን ሞላው። እኔ በሁለተኛው ሙከራ አለፍኩ።

ሥራ እንደጀመርኩ የመጀመሪያው ዘገባዬ እንዲህ ይላል፦ “የሁለተኛው ሕንፃ ሊፍት በሩ ሳይዘጋ ይነሣል። ዛሬውኑ ይቁም።” ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። ወረቀቱን እንደ እርጥብ ጨርቅ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎታል።

“ይህ ዘገባ ነው ወይስ እሪታ?”

“በሩ እኮ አይዘጋም።”

“በሩማ ይዘጋል፤ የሚዘጋው የእኛ በር ነው። ደንበኛው ይህን አንብቦ ነገ ሌላ ድርጅት ይጠራል። ቃል ምረጪ እንጂ፣ የኔ እመቤት።”

ከጀርባው ግድግዳ ላይ የቃላት ዝርዝር ተለጥፎ ነበር። ሦስት ደረጃ ነው፦ መጠነኛ፣ ክትትል የሚሻ፣ አስቸኳይ። “አስቸኳይ” ከተባለ ሊፍቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይዘጋል፤ ሥራ አስኪያጁም ራሱ ለደንበኛው ደውሎ ይነግራል። በሁለት ዓመት ውስጥ “አስቸኳይ” የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። እርሱንም በቀይ ሰርዞት ነበር።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ተናደድኩ፤ አንድ ሳህንም ሰበርኩ። በማግሥቱ ግን አንተ ትዝ አልከኝ። ጎረቤቶች ማመልከቻ ሊያስጽፉ ሲመጡ ከጎንህ ተቀምጬ አይህ ነበር። “አለቃን በወረቀት አታስደንግጪ” ትለኝ ነበር። “የደነገጠ ሰው አያነብም፤ ይቆጣል። አለስልሰሽ ንገሪው፤ ብልህ ከሆነ ይገባዋል።” የበሩን ነገር በአንተ አጻጻፍ እንደገና ጻፍኩት። “የበሩ አዘጋግ አልፎ አልፎ መዘግየት ይታይበታል” አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። “እጅሽ ይባረክ! ይህን የት ተማርሽው?”

“ከአባቴ” አልኩት። ኮርቼ ነው ያልኩት፣ አባዬ።

አሁን ስለ ሟቹ ልንገርህ። ጋሽ ብሎን ነው የምንለው። ሃያ ስድስት ዓመት ሊፍት የጠገነ ሰው ነው፤ እጁ ወርቅ፣ ጽሕፈቱ ግን እርሱ ራሱ እንደሚለው “ዶሮ የጫረችው”። ዓርብ ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት በሬን በሁለት ጣቱ ይመታል፤ ኳ ኳ። ቱታው ግራሶ ስለሆነ ወንበሬን እንዳያቆሽሽ ቆሞ ነበር የሚናገረው፤ በኋላ ጋዜጣ እያነጠፍኩ አስቀምጠው ጀመር። እርሱ የሚለውን ቃል በቃል በደብተሬ ግራ ገጽ ላይ እጽፋለሁ፤ በቀኙ ገጽ ላይ ወደ ዘገባ ቋንቋ እመልሰዋለሁ። ስጨርስ፣ “እስቲ አንብቢልኝ” ይላል።

“ጻፊ” አለኝ አንድ ቀን። “የስምንተኛው ፎቅ ሞተር ታስላለች። ተራ ሳል እንዳይመስልሽ፤ ትክትክ ነው።”

ጻፍኩና አነበብኩለት፦ “በሞተሩ ላይ ያልተለመደ ድምፅ ተሰምቷል።”

“ወይ ጉድ! ሱፍ አልብሰሽ አምጥተሽው የገዛ ልጄን አላወቅሁትም!” ብሎ ሳቀ። ከዚያ፣ “ያማረ ነው። ግን እኔ ያልኩት የቱ ጋ ነው ያለው?” አለኝ።

“ውስጡ ነው፣ ጋሼ።”

“እሺ። አንቺ ካልሽ ነው።”

ጥር 23፣ ዓርብ፣ በሬን መታ። አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር አለ። አልተቀመጠም፤ ወደ ሌላ ከተማ የሚወስደው መኪና ታች ይጠብቀዋል። እዚያ ሦስት ሳምንት ሊሠራ ነው።

“ቶሎ ጻፊ ልጄ። የመጋዘኑ የዕቃ ሊፍት ገመዱ ጸጉሩን ፈትቷል። በጣቴ ስዳብሰው ይኸው ወጋኝ። ገመድ ቢበጠስ ካቢኑን የሚይዘው ጥርስም ዝጎ ተጣብቋል። ይህ ሊፍት ሰው ይበላል። ዝጉት።”

ሳቄ መጣ። “ጋሼ፣ ሰው ይበላል ብዬማ አልጽፍም።”

“የፈለግሽውን ጻፊ። ብቻ ይዘጋ።” ደብተሩን ወደ እኔ ሊገፋልኝ ሲል የጣቱ ግራሶ ከግራው ገጽ ጥግ ላይ ቀረ። እንዳነብለት አልቆየም።

አባዬ፣ በዚያ ሳምንት የመጋዘኑ ውል ይታደስ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱ ጠቁሯል። “አስቸኳይ” ብዬ ብወስድለት ምን እንደሚል አውቃለሁ። እኔም ተቀምጬ፣ ብዕሬን አሹዬ፣ ይህንን ጻፍኩ፦ “በመጋዘኑ የዕቃ ሊፍት ገመድና መያዣ ላይ ከአገልግሎት ዘመን ጋር የተያያዘ መጠነኛ ለውጥ ታይቷል። በሚቀጥለው መደበኛ ጉብኝት ቢታይ መልካም ነው።” ሥራ አስኪያጁ ከጎኑ “ጥሩ” ብሎ ፈረመበት።

እንዲህ ጻፊ ብሎ በዚያች ዕለት ማንም አላስገደደኝም። እትዬ፣ ይህችን ሁለት ጊዜ አንብቢለት።

ጋሽ ብሎን የተመለሰው የካቲት 18፣ ማክሰኞ ነው። ጠዋት ደረጃው ላይ ተገናኘን፤ እርሱ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ይወርዳል፣ እኔ ፋይል ተሸክሜ እወጣለሁ።

“ያቺ የመጋዘኗ ነገር ተጻፈች?”

“ተጽፋለች ጋሼ። ተፈርሞባታልም።”

“እሰይ የኔ ልጅ! በይ እንግዲህ ሄጄ አዲሱን ገመድ ልየው።”

አዲሱን ገመድ ሲል ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። ሁለት ደረጃ ወጥቼ ቆምኩ። ቀይረውት ይሆናል አልኩ በልቤ። የእኔን ዘገባ አንብቦ ገመድ የሚቀይር ማን አለ ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። ፋይሉ ይከብደኝ ነበር፤ ወጣሁ።

የመጋዘኑ ጠባቂ በኋላ እንደነገረኝ፣ “ገመዱ መቼ ተቀየረ? እኔ እዚህ ሳልጠፋ ማንም ሲቀይር አላየሁም” ብሎ ጠይቆታል። ጋሽ ብሎንም፣ “ልጅቷ ተጽፏል ተፈርሟል አለችኝ። በምሳ ሰዓትህ መጥተው ይሆናል” ብሎ ገባ። ገመዱ ተበጥሶ አምስተኛ ፎቅ አልደረሰም።

ከዚያ ወዲህ የሚሆነውን ልንገርህ፤ ለሌላ ሰው ብነግር ጭንቅላቷ ተነካ ይሉኛል። መሥሪያ ቤትማ ብለውታል።

ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት በሬ ይመታል። በሁለት ጣት። የመጀመሪያው ዓርብ ቢሮ ነበርኩና ሳላስበው “ግቡ ጋሼ” ብዬ ጋዜጣ አነጠፍኩ። ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ጸሐፊ ቡና የምትጠጣበትን ኩባያ ይዛ ወጣች፤ ያን ቀን አልተመለሰችም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓርብ እዚህ ቤቴ ነው። በሩን ስከፍት ደረጃው ባዶ ነው። ስድስት ፎቅ የሚወርድ የጫማ ድምፅ እንኳን የለም። ሁልጊዜም ከጆሮዬ ሥር ያ ጥያቄ አለ፦ “እኔ ያልኩት የቱ ጋ ነው ያለው?” ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት እመልስለት ነበር፤ መመለስ እንደማያቅተኝ ታውቃለህ።

ያቺ “መጠነኛ” የምትለዋ ቃልም ትከተለኛለች። ሬዲዮ ስከፍት መጠነኛ ዝናብ ይጠበቃል ይላሉ። መድኃኒት ቤት ስሄድ ባለሙያዋ የአንዲት ሕፃን እናትን “መጠነኛ ትኩሳት ነው፣ አይዞሽ” ስትላት ሰምቼ፣ “ስንት ዲግሪ ነው? ቁጥሩን ንገሪያት!” ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ነበር።

ደግሞ ግራሶው። እጄን በሳሙና፣ በጋዝ፣ በሎሚ አጥቤአለሁ። የምጽፍበት ወረቀት ሁሉ በግራ በኩል ጥጉ ላይ የአውራ ጣት ጥላሸት ያለበት ይመስለኛል። እትዬ፣ ይህን ገጽ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገሽ እዪልኝ። ካለ “አለ” ብለሽ ጻፊልኝ፤ ከሌለም “የለም” በዪኝ። እኔን ለማስደሰት ብለሽ እንዳትመልሺ።

አደጋው በደረሰ በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ሻይ አስመጣልኝ፤ ሻይ ሲያስመጣ ደግ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ።

“ለደኅንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የአደጋ ዘገባ እንልካለን” አለኝ። “ካንቺ የተሻለ እጅ የለንም።” አንድ ወረቀት ገፋልኝ። ሁለት ነጥብ አለው፦ ሟቹ የገመዱን ጉዳት በወቅቱ አላሳወቀም፤ ሰው እንዳይጫንበት በተከለከለ የዕቃ ሊፍት ተሳፍሯል።

“አሳውቋል” አልኩት።

“የታለ?”

“ለእኔ ነግሮኛል። ዝጉት ብሎኛል።”

ፋይሉን ከፈተና የእኔን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብሎ፣ እያጣጣመ አነበበልኝ። “‘መጠነኛ ለውጥ።’ እኔ ያነበብኩት ይህን ነው። የፈረምኩትም በዚህ ላይ ነው። ሰውዬው ሌላ ነገር ነግሮሽ ከነበረ ታዲያ ገዳዩ ማን ሊሆን ነው? እስቲ አስቢው፣ የኔ እመቤት። ዝም ካልሽ ማንም አይነካሽም። የሞተ ሰው ከሥራ አይባረርም።”

“ሙት ወቃሽ ሁኚ ነው የምትለኝ?”

“ዘገባ ጻፊ ነው የምልሽ።”

ሻዩን ሳልነካው ተነሣሁ። በማግሥቱ የዕግድ ደብዳቤ ደረሰኝ። የቴክኒሻኖችን ቃል በራሷ ፈቃድ ስታዛባ ኖራለች፣ የሥራ ማስታወሻ ደብተር አጥፍታለች ይላል። ግልባጩ ለሁሉም ክፍል ተበትኗል፤ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም ተለጥፏል። በራሷ ፈቃድ! ግድግዳው ላይ ሦስት ቃል ለጥፎ፣ ሦስተኛውን ለነካ ፊቱን አጥቁሮ፣ ለሁለት ዓመት “እጅሽ ይባረክ” ሲለኝ የኖረ ሰው! የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ እኔ ግን ገና አልወደቅሁም።

ደብተሩ አልጠፋም። ጠፍቷል ያልኳቸው እኔ ነኝ። እኔ ጋ ነው።

ደብተሩን ባሳይ ምን እንደሚሆን ገብቶሃል፣ አባዬ? ግራው ገጽ ጋሽ ብሎንን ነጻ ያወጣዋል። ቀኙ ገጽ እኔን ይይዘኛል። ሥራ አስኪያጁ ከሁለቱም ገጽ ላይ የለም፤ ከዳር “ጥሩ” ብሎ ቆሟል። ስለዚህ ለአሥራ አንድ ቀን ደብተሩን በአልጋዬ ሥር አስቀምጬ፣ እርሱን እየሰደብኩ ቆየሁ። መሳደብ ቀላል ነው። እውነት ስለነበረም ደስ ይል ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የጋሽ ብሎን ባለቤት መጣች። በደረጃው ስድስት ፎቅ ወጥታ፣ ትንፋሽዋ ተቆራርጦ፣ በሬ ላይ ቆመች።

“ሊፍት የለውም እንዴ ቤታችሁ?”

“አለ፣ እማማ። ይሠራል።”

“ገብቶኛል። የእኔም ሰው እንዲሁ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሊፍት ጠግኖ ቤቱን በእግሩ ነበር የሚወጣው። ‘ባለ ሆቴል ሲርበው ቤቱ ሄዶ ነው የሚበላው’ ይለኝ ነበር።” ፈገግ ልትል ሞከረች። “አንቺ ነሽ የምትጽፊለት ልጅ? ስላንቺ ሁልጊዜ ያወራ ነበር። ‘ቃሌን ታሳምርልኛለች’ ይላል።”

ወንበር ሰጠኋት። ውሃ አቀረብኩ።

“በራሱ ጥፋት ነው የሞተው አሉኝ። ሳያይ፣ ሳይናገር፣ ዘሎ ገባ አሉ። ልጆቹ ይህን እየሰሙ ይደጉ? እርሱ የቤታችንን ጣሪያ እንኳን በእንጨት ሳይነካካ የማይወጣ ሰው!” እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣመረች። “አይቶት ነበር ወይ? ተናግሮ ነበር ወይ?”

“ሁሉንም እጽፈዋለሁ እማማ። ለተቆጣጣሪው…”

“መጻፉን ተዪውና ንገሪኝ፣ ልጄ።”

ነገርኳት። ደብተሩን ከአልጋው ሥር አወጣሁት። መነጽሯን ስላልያዘች እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ግራ ግራውን አነበብኩላት፤ ስለ ትክትኩ ስደርስ ሳቀች፤ “እርሱው ነው፣ ራሱ ነው” አለች። የጥር 23ቱን አነበብኩ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ፣ “አንቺስ ምን ብለሽ ጻፍሽው?” አለችኝ።

ቀኙን አነበብኩላት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለማንበብ አሥር ሴኮንድ አይፈጅም።

ብትረግመኝ፣ በጥፊ ብትመታኝ እወድ ነበር። ተነሥታ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች። ውሃውን ሳትቀምሰው ወጣች። ስድስቱን ፎቅ ስትወርድ እስከ መጨረሻው ሰማኋት።

እሑድ ጠዋት ተቀመጥኩና ዘገባውን ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። እንዲህ ይጀምራል፦

“ድርጅቱ የሚጠግናቸው ሊፍቶች በሙሉ በሌላ መርማሪ እስኪታዩ ድረስ እንዲቆሙ እጠይቃለሁ። ምክንያቱም ላለፉት ሁለት ዓመታት የጉዳት ዘገባዎቻቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እውነተኛውን መጠን አይናገሩም። ሟቹ ቴክኒሻን የገመዱንና የመያዣውን ብልሽት ከአደጋው ሃያ አምስት ቀን በፊት አሳውቋል። ሊፍቱ እንዲዘጋም ጠይቋል። ያሳወቀው ለእኔ ነው። ቃሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ጉዳትን አለስልሰን እንድንጽፍ ያስለመደን መሆኑን የሚያሳዩ ዘጠኝ ዘገባዎች፣ በእጁ እንደታረሙ፣ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። ሟቹ አዲስ ገመድ ሊያይ የወጣው ተጽፏል ስላልኩት ነው።”

እነዚያን ዘጠኝ ዘገባዎች ከየት አመጣሻቸው እንዳትለኝ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ፣ ያቺ ጭንቅላቷ ተነክቷል ብላ ያስወራችብኝ፣ ቅዳሜ ማታ በጋዜጣ ጠቅልላ በሬ ላይ ጥላልኝ ሄደች። “እኔን አላየሽኝም” አለችኝ ከደረጃው ሆና። አላየኋትም።

ከዚያ የሕንፃችንን ደረጃ የምትጠርገውን ሴት ጠራኋት። አፏ ሹል ነው፤ ትምህርቷን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሁሉንም አነበበች።

“አሁን ምን ታደርጊያለሽ?” አልኳት።

“እኔ ባለሥልጣን ብሆን?”

“አዎ።”

“መጀመሪያ ሊፍቶቹን አስቆማለሁ። ቀጥሎ አንቺን አስጠራለሁ። ከዚያ ያንን አለቃሽን እጁን ይዤ አመጣዋለሁ።” ወረቀቱን መለሰችልኝ። “አብደሻል ልጄ? ይህን ልትሰጪያቸው ነው?”

“በደንብ ተጽፏል ማለት ነው” አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ከደብተሩ ጋር በእጄ አስገባሁት። መዝገብ የምትቀበለው ልጅ መጀመሪያውን መስመር አይታ ቀና ብላ አየችኝ፤ ማኅተሙን መትታ ቁጥር ሰጠችኝ። ትናንት ደወሉልኝ። ሰኞ በሦስት ሰዓት መርማሪዎቹ ፊት ቀርቤ ዘገባዬን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ሥራ አስኪያጁም ከጠበቃው ጋር ይቀርባል፤ የሟቹ ባለቤትም ተጠርታለች። ሊከሱኝ እንደሚችሉ ነግረውኛል። ይክሰሱኝ። እርሱንም ይክሰሱት። ጋሽ ብሎንን ብቻ ማንም አይነካውም።

ነገ ዓርብ ነው። በአራት ሰዓት በሩ ይመታ እንደሆነ አላውቅም። ዘገባውን ካስገባሁ ይተወኛል ብዬ አስቤ ነበር። ይህን ስጽፍልህ ግን ወንበሩ ላይ ጋዜጣ አንጥፌአለሁ። ቢተወኝም ቅር የሚለኝ ይመስለኛል።

አባዬ፣ ለብዙ ቀን ተቆጥቼህ ነበር። ይህን ለስላሳ ብዕር ከአንተ ባልወርስ ኖሮ እል ነበር። ከዚያ ያደግሁት በዚያው ብዕር እንደሆነ አሰብኩ፤ የጎረቤቱ ሁሉ ጉዳይ በዚያ ብዕር ነው የተፈጸመው። ማንንም ለማስደንገጥ ሳትደፍር ስንት ሰው ረድተሃል።

አንድ ነገር ግን በእነዚህ ቀናት ትዝ ይለኛል። ከማቅለሚያ ፋብሪካው የደብዳቤ ክፍል የወጣኸው ገና በአርባ ስምንት ዓመትህ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጠዋት ሄደህ በረፋዱ ተመለስክ፤ ጫማህን ሳታወልቅ እስኪመሽ ድረስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥክ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ማመልከቻ አልጻፍክም። የትምህርት ቤት ወረቀታችንን እንኳን እናታችን ነበረች የምትፈርመው። ዓይኑ ደክሟል አሉን፤ አመንን። ዓይንህ ግን በዚያ ጊዜ መሬት የወደቀች መርፌ ከእኛ ቀድሞ ያይ ነበር።

ያን ቀን ብዕርህን ምን እንዳስጣለህ አልጠይቅህም። እትዬም አትጠይቅህ። መናገር ከፈለግህ እኔ የምሰማ ሰው ነኝ፤ ቃል በቃል፣ ሳላሳምር።

ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ እናንተ ለሚነሣው ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ እሑድ እጃችሁ ይገባል። ስለዚህ ለሰኞ ጠዋት አንድ ነገር እለምንሃለሁ። “ልጄን ከክስ አውጣልኝ” ብለህ እንዳትጸልይ። ያን የመሰለ ጸሎት ቀስ እያለ ልቤን ያባባዋል። ቆሜ ሳነብ፣ ያቺ ሴት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሳነብ፣ “የቀየርኩት እኔ ነኝ” ከሚለው መስመር ላይ ስደርስ ድምፄ እንዳይለሰልስ፣ ቃል እንዳልዘል፣ ይህን ለምንልኝ።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ዓይንህን ያብራልህ። ልብህ ላይ የተቀመጠ ነገር ካለም ፈጣሪ ጠዋት ጠዋት ያቅልልህ። እትዬን ሳምልኝ ማለት አልችልም፣ አንባቢዋ እርሷ ናት፤ ራሷን ትሳም።

ልጅህ፣
ያቺ አንደኛ የወጣችው